የሚያስለው ዘይት

ኢዲዶ ውስጥ የቡና ክርክር አያልቅም። እሸቱ ከየትኛው ጓሮ ተለቀመ፣ መፈልፈያው ጋ ስንት ሰዓት ደረሰ፣ አልጋ ላይ ስንት ቀን ቆየ፣ ያገላበጠችው ልጅ እጇ ይፈጥን ነበር ወይስ ዓይኗ መንገድ መንገዱን ያይ ነበር? በዚህ ሁሉ ላይ ከሽማግሌ እስከ ተማሪ አስተያየት አለው። ከይርጋ ጨፌ ከተማ ብዙም የማትርቀው ይህች ቀበሌ ስሟ የባሕር ማዶ ቡና ቤቶች ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። «ኢዲዶ ሚስቲ ቫሊ» የተባለውን ደረቅ ቡና የቀመሱ ፈረንጆች «እንጆሪ እንጆሪ ይላል» እያሉ ብዙ ቀለም አፍስሰውለታል። እስቲ እዚያው ሰፈር ስለ ዘይት ጠይቁ። መልሱ አጭር ነው፦ «ዘይት ዘይት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ዘይትም ቢሆን ማዕረግ አለው፤ የሚረጋና የማይረጋ። የሚረጋው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው። ወረፋ ተይዞ ከሸማቾች ይገዛል፤ ሲያልቅ ጀሪካኑ ውኃ መቅጃ ሆኖ ከዘይቱ የበለጠ ዕድሜ ይኖራል። ቡሌ ደጋው ላይ የሚኖር ሰው በክረምት ቁርስ ለመሥራት ሲነሳ መጀመሪያ ጀሪካኑን ምድጃ ዳር አስጠግቶ እስኪለዝብ ይጠብቃል። የማይረጋው ደግሞ ሱፍ ነው፤ ቡፌ ላይ ፊቱን ወደ እንግዳ አዙሮ ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም. የአምስት ሊትር ዘይት ዋጋ ከሺህ ብር ባለፈ ጊዜ ግን የሁለቱም ማዕረግ አንድ ሆነ። የሚረጋውም ቡፌ ላይ ወጣ።

በዚህ አከፋፈል የማትስማማ አንዲት ሴት አለች፤ አክስቴ። ጎጃም ተወልዳ ጌዴኦ፣ እዚያው ኢዲዶ የተዳረች ናት። እንሰት መፋቅ ከባላገሩ እኩል ታውቅበታለች፤ ቆጮዋን የቀመሰ ጎጃሜ መሆኗን አያምንም። ልቧ ግን ኑግ ላይ ቀርቷል። ለእሷ ዘይት ማለት ኑግ ነው፣ ሌላው ቅባት ነው። ያልተጣራ የኑግ ዘይት እንዴት እንደሚያዝ ስትናገር ድምጿ ይለወጣል። መጀመሪያ ብቻውን ድስት ላይ ይጣዳል፣ ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ ነው በደረቁ የተቁላላው ሽንኩርት ዘይት የሚያየው። ወጡ ዘይቱን ሲተፋ ያኔ በርበሬው በስሏል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ትልቁ የፌቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አጨብጭባለች። ያም ሆኖ የምትወደው ዓይነት ኑግ እጇ የሚገባው ዛሬም ዘመድ ከጎጃም ሲመጣ በሃይላንድ ይዞላት ነው።

እንግዲህ እዚህ ቤት ነው ሮም የምትኖረው ልጇ የወይራ ዘይት የላከችው። በጂንስ ሱሪ ተጠቅልሎ፣ በሰው ሻንጣ፣ ጥቁር አረንጓዴ ጠርሙስ። አክስቴ ጠርሙሱን ተቀብላ መጀመሪያ ሳመችው፣ ቀጥላ ቡፌ ላይ፣ ከሰርግ ብርጭቆዎች ጎን አስቀመጠችው። የምታበስልበት ዘይት ነው ብሎ ማን ያስብ!

የወይራ ዘይት እኛ ዘንድ ድስት አያውቅም። በጌዴኦ አብዛኛው ሰው የወንጌል አማኝ ነው፤ የወይራ ዘይት ሲባል ትዝ የሚለው ለታመመ ሰው የሚጸለይበት ነው። የኦርቶዶክሱ ጎረቤት ደግሞ ከቅብዓ ቅዱስ ሌላ አያውቀውም። ዲላ ላይ ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ ባለሱቁ አንዴ ፀጉራችሁን አይቶ ወደ ኮስሞቲክስ ቤት ያመላክታችኋል። ወሬው እንደተሰማም ጎረቤት በየተራ መጣ። አንዷ ለጸሎት፣ አንዷ ለሕፃኗ ራስ፣ አንዱ ጆሮው ውስጥ ለሚጮኽበት ነገር። አክስቴ ለሁሉም በቡና ስኒ ጠብ ጠብ እያደረገች ሰጠች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ አልቀመሰውም።

የቀመሱት ጋሼ ናቸው፤ የአክስቴ ባል። ጋሼ ዲላ ላይ በቡና ቅምሻ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሾርባ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ አሽትተው፣ ከዚያ በማንኪያ በፉጨት ስበው፣ ምላሳቸው ላይ አንከባልለው ነው የሚውጡት። ሠርግ ቤት አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ያፍራል። ያን ቀን ቤት ነበርኩ። ጠርሙሱን ከፈቱ፣ በማንኪያ ቀዱ፣ አሸተቱ፤ «ሣር… እሸት… አረንጓዴ ቲማቲም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ሽርርርር! አድርገው ሳቡት። ለአፍታ ዝም። ቀጥሎ ሳል። ሌላ ሳል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አክስቴ ነጠላዋን ወረወረች። «ምነው ምን ነካዎት! ተበላሽቷል አላልኩም? መንገድ ላይ ነው የተበላሸው!»

ጋሼ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «የታጠበ፣ ደረጃ አንድ።»

ሰውዬው ስለ ወይራ ዘይት አንድ ገጽ አንብበው አያውቁም። ግን አልተሳሳቱም። የጥሩ ወይራ ዘይት ምልክቱ ሦስት ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ፦ የፍሬ ሽታ፣ ምላስ ላይ ምሬት፣ ጉሮሮ ላይ ማቃጠል። ቀማሾቹ ራሳቸው ዘይቱን «አንድ ሳል»፣ «ሁለት ሳል» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ሁለት ሳል ከአንድ ሳል ይበልጣል። ጉሮሮ የሚያቃጥለውን ነገር በፊላዴልፊያ የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ነጥለው አውጥተውት «ኦሊዮካንታል» የሚል ስም ሰጡት። ከእነሱ አንዱ ሲሲሊ ላይ ትኩስ ዘይት ሲቀምስ፣ ፈሳሽ ኢቡፕሮፌን ሲውጥ የሚሰማው ማቃጠል መጣበትና ጠረጠረ። ጥርጣሬው ልክ ነበር፤ ንጥረ ነገሩ ሥራውም ከዚያ ማስታገሻ ጋር ይመሳሰላል። ጆሮው የሚጮኽበት ጎረቤታችን ይህን ቢሰማ ዘይቱን በጆሮው ፋንታ ይጠጣው ነበር።

ወይራ ፍሬ ነው፤ ዘይቱም ከፍሬ ሥጋ የሚጨመቅ ጭማቂ ነው። እንደ እሸት ቡና ሁሉ ከተለቀመ በኋላ ክምር ላይ ሲያድር ይሞቃል፣ ይቦካል፤ ስለዚህ ጥሩው ዘይት በተለቀመ በሰዓታት ውስጥ መጭመቂያ የሚደርሰው ነው። ይህን ለኢዲዶ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ያደረ እሸት ይዞ መፈልፈያ የሚሄድ ገበሬ ምን እንደሚባል እዚያ የማያውቅ የለም። የኢዲዶ ማኅበርም ከነቆንጋና ከነሐሩ ጋር አባል የሆነበት የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሸጥ የኖረው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። ቅምሻውም ቢሆን ዝምድና አለው። ዋና መቀመጫውን ማድሪድ ያደረገው፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወይራ ምክር ቤት ቀማሾቹን ከ8 እስከ 12 አድርጎ ያስቀምጣል። ዘይቱ በትንሽ ሰማያዊ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሰማያዊ የሆነው ቀማሹ በቀለሙ እንዳይታለል ነው። ብርጭቆው 28 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል፣ ይሸተታል፣ እንደ ጋሼ በፉጨት ይሳባል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጋሼና ምክር ቤቱ ይጣላሉ። የይርጋ ጨፌን ቡና «አሲዱ ጥሩ ነው» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው፤ ዋጋውም በዚያው ይወጣል። ዘይት ላይ ግን አሲድ ስድብ ነው። «ኤክስትራ ቨርጂን» ለመባል ነፃ አሲዱ ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ እስከ 2 በመቶ የደረሰው «ቨርጂን» ብቻ ይባላል። ይህ አሲድ ምላስ ላይ አይታወቅም፤ ፍሬው ተጎድቶ፣ ተቀጥቅጦ ወይም ተከምሮ እንደነበር ላቦራቶሪ ላይ የሚያሳብቅ ቁጥር ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «አሲድ የሌለው ነገር ምን ይቀመሳል?» አሉኝ።

ከዚህ በታች ያሉት ስሞች ገዢን ለማደናገር የተሠሩ ይመስላሉ። «ፒዩር» የሚለው ጠርሙስ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ተጣርቶ ሽታና ጣዕሙ የወጣለት ዘይት ነው፤ ትንሽ ቨርጂን ጣል ይደረግበታል። «ላይት» የሚለውን አይቶ ለውፍረት ጥሩ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው አለ፤ የቀለለው ቀለሙና ሽታው እንጂ ስቡ አይደለም። አንዱ ግራም ከየትኛውም ዘይት እኩል 9 ካሎሪ ይሰጣል። «ፖማስ» ደግሞ ከተጨመቀው ወይራ የተረፈው ፋጉሎ በኬሚካል ታጥቦ የወጣ ነው። ኑጉ ከተጨመቀ በኋላ ፋጉሎውን ለከብት የምንሰጥ ሰዎች ይህንን ዘይት በወይራ ዋጋ የምንገዛበት ምክንያት የለም። መጥበሻ ላይ ለመጣል ሱፍ ይበቃል።

ወደ ምድጃው እንመለስ። ጠርሙሱ ምግብ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አክስቴ ለእንግዳ ክብር ስትል ዶሮ ወጥ ሠራችበት። እኔ እንግዳው ነበርኩ፤ ስለዚህ መናገር አልቻልኩም። ወጡ ግሩም ነበር። የወይራ ዘይት ግን አልነበረበትም፤ ነበረበት እንጂ አልተሰማም። ያን ሁሉ ሽንኩርትና በርበሬ፣ ያን ሁሉ ሰዓት መንተክተክ ተሻግሮ የሚወጣ የሣር ሽታ የለም። ዘይቱ «ይቃጠላል» የሚለው ወሬ እንኳ የተጋነነ ነው፤ ኤክስትራ ቨርጂን የሚጨሰው ከ190 እስከ 210 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ወጥ ደግሞ ውኃ እስካለበት ድረስ ከ100 ብዙም አያልፍም። ችግሩ ሌላ ነው። ገንዘብ የከፈልንበት ሽታ በእንፋሎት ወጥቶ ጣሪያ ላይ ይቀራል። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ጣሪያችንን በወይራ ዘይት የምናጥንበት አቅም የለንም።

ደግሞ ይህ ነገር ለሀበሻ ሴት አዲስ ትምህርት አይደለም። አክስቴ ቅቤዋን ስትጠቀም እዩአት። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ ገብቶበት የተነጠረውን ቅቤ ለሽሮ ከመጀመሪያ አትጨምረውም። ሽሮው በዘይት ይሠራል፣ ይንተከተካል፣ ሲወርድ ነው አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ መሐሉ ላይ የሚያርፈው። ለምን ብትሏት «ሽታው እንዳይሄድ» ትላችኋለች። ርካሹ ለማብሰያ፣ ውዱ ለማውረጃ። ፈረንጅ መጽሐፍ ጽፎ የሚያስተምረውን ሕግ ሸኖ ቅቤ ስትገዛ ከኖረች ሴት መስማት ይቻላል። ዘይቱን «ከጣልያን የመጣ የጾም ንጥር ቅቤ ነው» ብዬ ስነግራት ገባት፤ ዶሮ ወጡም በዚያው ይቅርታ ተደረገለት።

ከዚያ በኋላ ሙከራው ጣፈጠ። በመጀመሪያ ፉል። ዲላ ላይ ጠዋት ጠዋት በየቁርስ ቤቱ የሚቀርበው ፉል እንደ ወይራ ዘይት የሚመቸው ነገር የለም፤ ከሙቁ ባቄላ ሲገናኝ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ቀጥሎ አዚፋ፦ ሰናፍጩ አፍንጫ ይይዛል፣ ዘይቱ ጉሮሮ ይይዛል፣ ምስሩ መሐል ሆኖ ያስታርቃል። የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያ፤ ይህ ብዙ ማለት አያስፈልገውም። የተጠበሰ የአባያ ዓሣ ላይ ከሎሚ ጋር ጠብ ማድረግ ሞክሩ፤ ስትጠብሱት ግን በሱፍ ጥበሱት።

እኔን ያስገረመኝ ቆጮው ነው። አክስቴ ምጣድ ላይ ስስ አድርጋ ጋግራ፣ ዳር ዳሩ ሲሰባበር አንስታ፣ ከተከተፈ ጎመን ጋር አቀረበችልን። ጋሼ ጎመኑ ላይ ዘይቱን ቀጭን አድርገው አዞሩበት። ቆጮው የራሱ ኮምጣጣነት አለው፣ ዘይቱ የራሱ ምሬት አለው፣ ጎመኑ ሁለቱንም ተቀበለ። ጋሼ አኝከው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ለቡና ቢሆን ይህ ንቅናቄ ኪሎው ላይ ጥሩ ብር ይጨምራል። የቡላ ገንፎ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። መሐሉ ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ዘይቱን ላፈስ ጠርሙሱን ሳነሳ አክስቴ እጄን ያዘችው። «እዚህ ላይ ቅቤ ነው!» በኋላ ተደብቄ በትንሽ ሳህን ቀመስኩት፤ ልክ ናት። ቡላ ለስላሳ ነገር ስለሆነ የሚያቅፈው ይፈልጋል፣ የሚያቃጥለው አይፈልግም። ክትፎ ላይ ስለማፍሰስ የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ከእኔ ጋር አይምከር።

ኅዳር ላይ አንድ ብርዳም ጠዋት ሌላ ጉድ መጣ። ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ታየ። አክስቴ ወዲያው ወደ ሮም ደወለች። «ልጄ፣ አታለውሻል፤ ይኼም የሚረጋ ነው!» ልጅቷ መሐላ ቀርቷት እንጂ ሁሉንም ብላለች። እውነቱ ግን የወይራ ዘይትም ሲበርደው ይደፈርሳል፣ ይረጋል፤ ሲሞቀው ይመለሳል፣ ጉዳትም የለውም። በተቃራኒው «ፍሪጅ ውስጥ ከረጋ እውነተኛ ነው» የሚሉም አሉ፤ እሱም አይሠራም። መርጋት አለመርጋት ስለ ንጽሕናው አይመሰክርም። በሙዝ የተቀላቀለ ቅቤ ያየ ሕዝብ እንዲህ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በዘይትም የከፋ ሆኗል፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ለፋብሪካ ሥራ የመጣ የጎመን ዘር ዘይት በወይራ ዘይት ስም ተሸጦ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል።

ከመርጋት ይልቅ የሚያስፈራው ቡፌው ነው። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር የዚህ ዘይት ጠላቶች ናቸው። ጠርሙሱ ጥቁር የሆነው ለጌጥ አይደለም። የአክስቴ ቡፌ መስታወቱ ከመስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ያርፍበታል። ከተከፈተ በኋላ በአንድ በሁለት ወር ማለቅ ያለበትን ነገር እኛ ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ለእንግዳ እያልን እናሳድረዋለን፤ ሲሻግት የቆየ የለውዝ ሽታ፣ የሰም ሽታ ያመጣል። ያኔ ለፀጉር ይሁን። አሁን ጠርሙሱ ከበርበሬው ዕቃ ጋር ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ አክስቴ እስር ቤት ነው የምትለው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ወይራ እኮ የእኛም ዛፍ ነው። የወተት ዕቃ የምናጥንበት፣ የጠላ ጋን የምናጥንበት ወይራ ዘይት ከሚሰጠው ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ የዱር ወንድሙ ነው። ፍሬው ግን ደቃቅ ነው፣ አብዛኛው ፍሬ ድንጋይ የሆነ ዘሩ ነው፤ ወፍ ካልሆነ ማንም አይደክምበትም። ስለዚህ ኢዲዶ ላይ የወይራ መጭመቂያ እናቋቁም የሚል ካለ አትስሙት።

አቮካዶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክአ ምድር እንሰቱን ከቡና፣ ቡናውን ከዛፍ ጥላ ጋር ያስማማ ነው፤ በዚያ መሐል አቮካዶም ቦታ አግኝቷል። ፍሬው በሚደርስበት ወቅት ዲላ ብትመጡ ጁስ ቤቱ አያሸንፈውም፤ መሬት ላይ ወድቆ ይበሰብሳል። ከዲላ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ይርጋለም ባለው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ውስጥ ደግሞ አቮካዶ ተጨምቆ ዘይቱ ወደ አውሮፓ ይላካል። የስቡ ዓይነት ከወይራ ዘይት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል፣ ከፍሬ ሥጋ ይወጣል፣ ሲጣራ ለመጥበሻ ከወይራ ይልቅ ሙቀት ይችላል። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ አያስልም፤ ቡላውም ሳይስማማው አይቀርም ባይ ነኝ።

እናም ሁለት ልመና አለኝ። ባሕር ማዶ ያላችሁ ልጆቻችን፣ የወይራ ዘይት ስትልኩ ባለ አምስት ሊትሩን ቆርቆሮ ተዉት፤ ግማሽ ሊትር፣ ጥቁር ጠርሙስ፣ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት የተጻፈበት ላኩ፣ ለምግብ መሆኑንም በስልክ ተናገሩ። ይርጋለም ላይ አቮካዶ የምትጨምቁ ጎረቤቶቻችን ደግሞ፣ ለአውሮፓ ከምትልኩት ትንሽ ቀንሳችሁ በትንንሽ ጠርሙስ ወደ ዲላ አውርዱልን። ቀማሽ ከፈለጋችሁ ኢዲዶ አንድ ጡረተኛ አለ፤ ማንኪያውን ይዞ ይመጣል።